ከ1 ለ5 በፊት ገበጣ ነበር

ሒሳብ በጨዋታና በቡድን ይማሩት ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለዋል። አገራችን ግን ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ያቃታት ማገናኘቱ ነው።

ከቡድኑ እንጀምር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) «1 ለ5» የሚባለው አደረጃጀት ክፍላችን ድረስ ገባ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሐሳቡ አንድ ጎበዝ መሪ ይሁን፣ ሌሎቹም ከእሱ ይማሩ ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። መልሱ አንድ ሰው እጅ ላይ ካለ ሌላው ምን ብሎ ይከራከራል?

ጨዋታው ከዚህ እጅግ ይቀድማል። በየሃና በዛሬዋ ኤርትራ በመጠራ የተገኙ ጉድጓድ ያላቸውን ድንጋዮች ተመራማሪዎች የአክሱም ዘመን የገበጣ ሰሌዳዎች ናቸው ይሏቸዋል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከመቶ በላይ አጨዋወቶችን መዝግቧል። ሰሌዳ ከሌለ መሬት ይጫራል፤ ጠጠር ወይም ፍሬ ይበቃል።

ውስጡ ያለው ሒሳብ ግን ቀላል አይደለም። ባለፈው በጋ የእህቴን ልጆች ይዤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄጄ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍነው ቦታ ነው። ጥላ ሥር በሁለት ረድፍ 12 ክብ ጫርን፤ በየክቡ 4፣ በድምሩ 48 ጠጠር። እነሱ አንድ ቡድን፣ እኔ ብቻዬን። ጨዋታው መሃል ላይ አንዱ ክብ ውስጥ 17 ጠጠር ተጠራቀመ። ትንሹ ሊያነሳ ሲል እህቱ እጁን ያዘችው።

«ቆይ! 12ቱን ስትጨርስ እዚሁ ነው የምትመለሰው። 5 ነው የሚቀርህ።»

አላመናትም፤ በጣቱ እየዞረ ቆጠረ። ልክ ነበረች።

ይህ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው፤ እኔ በየቀኑ ኮድ ውስጥ የምጽፈው። በባሕረ ሐሳብም ሊቃውንቱ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው ለ19 ሲያካፍሉ የሚፈልጉት ቀሪውን ነው፤ ለ2017 ዓ.ም. 12 ይመጣል።

በ1 ለ5 መልሱን መሪው ያውቀዋል። በገበጣ ማንም አስቀድሞ ስለማያውቀው ሁሉም ይቆጥራል፣ ይጠራጠራል፣ ጓደኛውን ያርማል። የተሳሳተውንም ጠጠሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ለመምህሩ ወጪው የትምህርት ቤቱ ግቢና አንድ እፍኝ ጠጠር ነው። የሚከብደው መሪ ሳይሾሙ ልጆቹን ማስቀመጥ ነው።