«ትውልዱ አያነብም» ከማለታችን በፊት

ሐምሌ ሲገባ ወቀሳው ይጀምራል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ታዲያ ልጆቹ ለምን አያነቡም? እንዲህ የምንለው የራሳችንን ክረምት እያስታወስን ነው። ግን ያኔ መጽሐፉን ከየት ነበር የምናገኘው?

ከመልሶ ማልማቱ በፊት የነበረችውን ሊደታ አስቡ። ግድግዳ የሚጋሩ የጭቃ ቤቶች፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ዶፉ ሲወርድ የጎረቤት ድምፅ አይሰማም። ጋቢ ተከናንቦ፣ የበቆሎ እሸት እየፈለፈሉ ማንበብ ነው።

አብዛኛው ቤት መጽሐፍ አይገዛም፤ ይከራያል። ከመንደሩ ሱቅ መያዣ አስይዞ፣ በቀን በሳንቲም ሒሳብ። ካደረ ይጨምራል! ስለዚህ ታላቅ አንብቦ ሳይጨርስ ታናሽ ይጠብቃል፤ መብራት ከጠፋ በሻማ ይቀጠላል። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ እናት ቡና እየቆላች ትሰማለች። ብዙ እናቶች ፊደል የለዩትም በክረምት ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነበርና። መጽሐፍ ለሌለውም ሬዲዮ ነበረለት። በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው።

ሁሉም ንባብ ግን ምቾት አልነበረም። በ1975 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በ1976 ደራሲው ራሱ የገባበት ጠፋ። ከእጅ ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ ዞሩ። ጋቢው ለብርድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የኪራይ ሱቁን መጀመሪያ ያዳከመው (እውነቱን እንነጋገር) የቪዲዮ ካሴት ነው። ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ፣ በቦታው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ቆመ። ስለ ቤቶቹ ካሳ ብዙ ተነጋግረናል። በአንድ መጽሐፍ አሥር ቤት ያነብ የነበረበትን መንገድ ግን ማንም አልቆጠረውም።

አብርሆት በ2014 መከፈቱ ደስ ይላል። ግን 4 ኪሎ ነው፤ ከሊደታ በዝናብ ታክሲ ተሰልፎ መሄድን ይጠይቃል። አዲስ ልብ ወለድ ልግዛ ያለ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ብር ያወጣል። ያ የምንወቅሰው ልጅ ዛሬ ማታ በሰፈሩ መጽሐፍ ልከራይ ቢል፣ የትኛውን በር ያንኳኳ?