የእንዶድ አረፋና የፓተንት ሕግ

በደባርቅና በዳባት፣ እንደ ሌላው ደጋ አገር ሁሉ፣ እናቶች ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። አረፋው መግደል የጀመረው ግን በዚያ ቀን አልነበረም።

በፓተንት ክርክር፣ አንድ ጠባይ በቀድሞው ሥራ ውስጥ የግድ የነበረ ከሆነ፣ ያስተዋለው ባይኖር እንኳ አዲስ ግኝት አይባልም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ እስከ 2013 ድረስ በውጭ አገር የኖረን ልማድ፣ በኅትመት ካልተገለጸ ወይም ፓተንት ካላገኘ፣ ከቁጥር አያስገባም ነበር። ስለዚህ ዶክተሩ በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያሳተሙት አጭር ዘገባ ከሺህ አጣቢዎች ቃል ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

በ1993 ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ፓተንት የሚመለከተው ግን፣ በሰሜን አሜሪካ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ በእንዶድ የማጥፋት ዘዴን ነው። እንስሳው በወንዞቻችን ስለሌለ፣ «ልብስ ስናጥብ ስንገድለው ኖረናል» ብሎ መከራከር አይቻልም። አክሊሉ ራሳቸው ከፈልሳፊዎቹ እንደ አንዱ ተመዝግበዋል፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር።