ከመንኮራኩር እስከ ከመነዳሪ፤ የሞተር ብስክሌት እግር ስያሜዎች ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሞተር ብስክሌት አያያዝ መመሪያ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ረቂቁ እንዲታረም ቀርቦልን ነበር። መመሪያው የታሰበው በገጠር እየተዘዋወሩ ለሚሠሩና ጋራዥ በሌለበት ቦታ ጎማ ሲበሳባቸው በገዛ እጃቸው ፈትተው ለመግጠም ለሚገደዱ ሠራተኞች ነው። ስለ ጎማ የሚናገረውን ምዕራፍ ገልጠን ማንበብ እንደ ጀመርን፣ «ጎማውን ከጎማው ውስጥ ከማውጣትዎ በፊት የጎማውን ዶቃ ከጎማው ላይ ያላቅቁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አጋጠመን። የመጀመሪያው ጎማ በውስጥ ያለው የንፋስ ከረጢት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የውጭው ልባስ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ልባሱን የተሸከመው ብረት ነው። ዶቃ የተባለው ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ተርጓሚውን መውቀስ አይገባም። በየቀኑ የምንናገረው አማርኛ እንዲሁ ነውና። ጎማ ገዛሁ፣ ጎማ ተነፈሰብኝ፣ ጎማ ፈታሁ የሚል ሰው በአንድ ስም ሦስት ነገሮችን ይጠራል፤ ሰሚውም ዕቃውን እያየ ስለሚሰማ አይደናገርም። መመሪያ መጽሐፍ ግን የሚጠቁምበት ጣት የለውም። አንባቢው የተሳሳተውን ክፍል ቢጎትት ከረጢቱን በብረት ይበሳዋል፤ በሚገባ ሳይቀመጥ የተነፋ የፊት ጎማ ደግሞ በመንገድ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የእነዚህን ስሞች አመጣጥ መመርመር የቃላት ጨዋታ ሆኖ አልታየንም።

ከሁሉ የሚቀድመው መንኮራኩር ነው። ቃሉ ግእዝ ሲሆን የወጣውም አንኰርኰረ፣ ማለት አንከባለለ፣ ከሚለው ግሥ ነው። የሕዝቅኤልን መጽሐፍ ምዕራፍ 1 እና 10 ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ በሚጓጓዝበት በደጋው አገር፣ ብዙ ሊቃውንት መንኮራኩርን በብራና ላይ እንጂ በመንገድ ላይ አላዩትም ማለት ይቻላል። በርግጥ አልፎ አልፎ ታይቷል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያወጡበት ጉዞ ለዚህ ምስክር ነው። በኋላ የመጣው የፈረስ ጋሪም ከነስሙ የገባ ነው፤ ጋሪ በህንድኛ ተሽከርካሪ ማለት ነው።

ለአዳዲስ ዕቃዎች ስም ሲፈለግ ወደ ግእዝ መመለስ የተለመደ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ መንኮራኩር ለሞተር ብስክሌትም በተስማማ ነበር። ነገር ግን ጊዜው አልፏል። ሰው ሠራሽ ሳተላይት በ1950 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ከተላከች ወዲህ፣ ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች ይህን ቃል ለጠፈር መጓጓዣው አዋሉት። ዛሬ «የኋላውን መንኮራኩር ይፍቱ» ብለን ብንጽፍ አንባቢያችን አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀናል። ቃሉ የወጣው ሽቅብ ነው፤ መልሶ ለማውረድ መድከም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዕቃው ታሪክ እንለፍ፤ የችግሩ ምንጭ እዚያ ነውና። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1885 በጀርመን አገር የሠሩት ባለ ሞተር መጋለቢያ የእንጨት እግሮች ነበሩት፤ በዙሪያቸውም የብረት ቀለበት ተጠምዶባቸው ነበር። በንፋስ የተሞላ ጎማ በዚያን ጊዜ በሐሳብ ደረጃ አዲስ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ ሆኖም ተረስቶ ቀረ። በቤልፋስት ከተማ የከብት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሲል እንደገና ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዘገበ። ደንሎፕ ጎማውን ከእግሩ ጋር አጣብቆ ይሠራው ስለ ነበር ሲበሳ መጠገኑ አስቸጋሪ ነበር። የሚሽላን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1891 በፈረንሳይ ተፈትቶ የሚገጠም የብስክሌት ጎማ ባያወጡ ኖሮ፣ በቤት ውስጥ ጎማ መጠገን የሚባል ነገር ባልታሰበም ነበር።

ከዚህ የምንረዳው በእነዚያ አገሮች ዕቃው ክፍል በክፍል መወለዱን ነው። በመጀመሪያ እግሩ ነበረ፤ ቀጥሎ የብረት ቀለበቱ መጣ፤ ከዚያ ልባሱ፤ ከዚያም ከረጢቱ። በየደረጃው ለተጨመረው ክፍል ስም ወጣለት። ወደ እኛ የመጣው ግን ተገጣጥሞ፣ ተነፍቶና እየተንከባለለ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የገባውን አውቶሞቢል ሲመለከቱ ያዩት አንድ ጥቁር ክብ ነገር ነበር። አንድ ሆኖ የታየ ነገር አንድ ስም ቢሰጠው አያስደንቅም።

ያ ስም ከኢጣልያንኛ መጣ። ጎማ በኢጣልያንኛ በመጀመሪያ የቁሱ ስም ነው፤ ኋላ ከቁሱ ለተሠራው የተሽከርካሪ ልባስም ዋለ። አማርኛም ሁለቱንም ፍች ተቀበለና ሦስተኛ፣ ማለት መላውን እግር፣ ጨመረበት። ኢጣልያኖች በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ከያዙ በኋላ የእጅ ሙያ ቃላት በባሕር ምድር በኩል መግባታቸው አልቀረም፤ ሆኖም በብዛት የጎረፉት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ነው። በዚያ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችና ሞቶ ጉትሲን የመሰሉ ሞተር ብስክሌቶች አዲስ በተቀየሱት መንገዶች ላይ ተሰማርተው ነበር። ወራሪው ሲወጣ ጋራዡ ቀረ፤ ከጋራዡም ጋር ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ ቀሩ። እነዚህን ቃላት ከሰዋስው መጽሐፍ የተማረ የለም። እጁ በግራሶ ከጨቀየ መምህር አጠገብ ቆሞ «አቀብለኝ» ሲባል ያቀበለ ነው የተማራቸው።

ከነዚህ ሁሉ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያስደስተው ከመነዳሪ ነው። ምንጩ ካሜራ ዳርያ፣ ማለት የአየር ክፍል ወይም ጓዳ፣ የሚል ሐረግ ነው። አማርኛ ሐረግነቱን ዘነጋና አንድ ስም አደረገው። በቃሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚሰማው «ረ» ለአፍ ስላልተመቸ አንዱ ወደ «ነ» ወይም ወደ «ለ» ተለወጠ፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ከመነዳሪ፣ ሌላው ካላማዳሪ ይላል። እኛ በረቂቁ ላይ ከመነዳሪ የሚለውን መርጠናል፤ ካላማዳሪን የሚመርጥ ባልደረባ ቢኖር ግን አንከራከረውም። የሚያከራክረን «የውስጥ ጎማ» የሚለው ነው። በመልኩ አማርኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማ የሚለውን ቃል ሌላ ሸክም ይጨምርበታል፤ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅበትም ሰው ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስሞቹ ባዕዳን ይሁኑ እንጂ ግሦቹ ከሞላ ጎደል የራሳችን ናቸው። ጎማ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ ይበሳል፣ ይፈነዳል፣ ይለጠፋል፣ ይበላል። ተበሳ፣ ተነፈሰና ፈነዳ በሦስት የተለያዩ አደጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያለ አንዳች ማብራሪያ ያስታውቃሉ። ረቂቁ ግን እነዚህን ትቶ «የአየር መጥፋት ሁኔታ ሲከሠት» ይል ነበር፤ «ጎማው ሲተነፍስ» ብለን አርመነዋል። እንዲሁም በጎማው ቦይ ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩትን፣ ጥርሱ እነርሱ ዘንድ ሲደርስ ጎማው ማለቁን የሚያመለክቱትን ጉብታዎች ረቂቁ «የመልበስ ምልክት» ብሏቸው ነበር። እንግሊዝኛው ለማለቅና ለመልበስ አንድ ግሥ ስላለው ነው። የማለቂያ ምልክት ማለት በቂ ነው።

ወደ ዶቃው እንመለስ። የውጭው ጎማ ቸርኬውን የሚነክስበት ወፍራም ጠርዝ በውስጡ የብረት ሽቦ የተቀበረበት በመሆኑ አይለጠጥም። እንግሊዞች ይህን ጠርዝ የሚጠሩበት ቃል በሌላ ቦታ ዶቃ ማለት ስለ ሆነ ተርጓሚው ዶቃ አለው። ኢጣልያኖችና ፈረንሳዮች ግን ተረከዝ ይሉታል። ክፍሉ በትክክል ካልተሰየመ ሥራው ሊገለጽ አይችልም፤ ምክንያቱም ጎማ የማውጣት ጥበብ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ስለማይለጠጥ፣ በአንድ በኩል በመፈልቀቂያ ብረት ሲነሣ በተቃራኒው በኩል ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ተረግጦ መውረድ አለበት። ያን ጊዜ ከላይ ትርፍ ይገኛል፤ ያለዚያ ጉልበተኛ ሰው ቸርኬውን ያጣምማል፣ ወይም ከመነዳሪውን ይቆነጥጣል። ከተገጠመና ከተነፋ በኋላም በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ዳር በዙሪያው ሁሉ እኩል መራቁ ይታያል፤ በአንድ ቦታ ከገባ ጠርዙ በቦታው አልተቀመጠም ማለት ነው።

ተረከዝ የሚለውን እንድንመርጥ ያደረገን የኢጣልያንኛው ምሳሌ ብቻ አይደለም። አማርኛ ተሽከርካሪን ባለ ሁለት እግር፣ ባለ ሦስት እግር እያለ ይቈጥራል፤ ስለዚህ ክቡ ነገር በቋንቋችን እግር ነው። የጎማውን መሬት የሚነካ ገጽ ጥርስ፣ ግራና ቀኙን ጎን ማለትም የታወቀ ነው። እግር ላለው ተረከዝ አይከብደውም፤ በጎኑና በጥርሱ መካከል ያለውን መታጠፊያም ትከሻ ብንለው ማንም አይስትም። በዚህ መሠረት ለሥራችን አንድ መለያ አበጅተናል። ለብቻው ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ በገበያ ስሙ ይጠራ፤ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ እንዳሉ ይኑሩ። ለብቻው የማይሸጥ፣ በጣት ብቻ የሚጠቆም ክፍል ግን በአካል ስም ይሰየም። መለያው ሁሉን አይሸፍንም። ለምሳሌ ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙት ሽቦዎች በኢጣልያንኛ ራጂ ይባላሉ፤ ፍቹም ጨረሮች ማለት ነው። ይኸው ቃል ግን በእኛ ዘንድ ሆስፒታል ገብቶ ራጅ ሆኗል፤ «ራጁን ያጥብቁ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ሽቦ ብለን አልፈናል። ሽቦዎቹን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ እየመቱ ድምፃቸውን ማዳመጥ የላላውን ይለያል፤ የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው።

ስለ ጎማ ምርጫ የሚናገረው ክፍል በአብዛኛው ቊጥር ስለ ሆነ ለተርጓሚ ቀላል ይመስላል። 90/90-18 የሚል ጽሑፍ የጎማው ወርድ 90 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ፣ የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 18 ኢንች መሆኑን ይገልጻል፤ ቀጥሎ የሚመጣው 51 ጎማው 195 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ የላቲኑ ፊደል ፒ ደግሞ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ያመለክታል። ተርጓሚ የሚያስፈልገው ለተሠራበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ጎማዎች አራት አሐዝ ይታተምባቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። 2311 የሚል ቢገኝ የ2011 ዓመት 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። በአገራችን አቈጣጠር ግን ይህ የ2003 ዓ.ም. የሰኔ መባቻ ነው። በአማርኛ የተጻፈው መመሪያ ይህን ካላስታወቀ፣ ገዢው 2011ን በራሱ ዘመን አስልቶ የደረቀ ጎማ የስምንት ዓመት ዕድሜ ተቀንሶለት ይገዛል። ቃል በቃል የታመነ ትርጉም እዚህ ላይ አንባቢውን ይጎዳዋል።

ሌላው «ቀዝቃዛ ጎማ» ነው። ጎማ ሲነዳ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለውም የንፋስ ግፊት ከፍ ይላል፤ በዚያ ሰዓት ለክቶ በዛ ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው በማግሥቱ የጎደለ ጎማ ያገኛል። ረቂቁ «ግፊቱ በብርድ ሰዓት ይለካ» ይል ነበር። በአፋር ቆላ የሚሠራ ሰው ብርድ እስኪመጣ ሊጠብቅ ነው? «ሦስት ሰዓት ያህል ሳይነዳ በቆየ ጎማ» ብለን ጻፍን፤ ረዘመ፣ ግን ቆየንበት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ «ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ ከማውጣትዎ በፊት የጎማውን ተረከዝ በአንድ ጎን ከቸርኬው ላይ ያላቅቁ» ሆነ። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለአንድ ጎሚስታ አነበብንለት። ከመነዳሪና ቸርኬ ሲባል አንገቱን ነቀነቀ፤ ተረከዝ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድሞ የነበረውን ጎማ በጫማው ተረከዝ ጫን ብሎ ጠርዙን ከቸርኬው አላቀቀና፣ «ጋሼ፣ ተረከዝ ያላችሁት ይኼን በተረከዝ የሚረገጠውን ነው አይደል?» አለን። ነው አልነው።