ደጅ ጥናትና መኪና፤ ብርቅ ተሽከርካሪ ለማን ይደርስ ነበር?



የዛሬው ንግግሬ የተወለደው ከአንድ የስልክ ጥሪ ነው። በመርጡለ ማርያም አብረን ያደግን፣ አሁን ኑሮውን በአሜሪካ ያደረገ የአክስቴ ልጅ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ በቁጥር ተወስነው ከሚሠሩት ፈጣን መኪኖች አንዱን ሊገዛ ወደ አንድ መኪና መሸጫ ሄደ። ሻጩ በክብር ተቀብሎ ቡና ጋበዘው። ስለ ገንዘቡ ግን አልጠየቀውም። የጠየቀው «ከዚህ ቀደም ከእኛ ስንት መኪና ገዝተዋል?» ብሎ ነው። አንድም አልገዛም ነበርና ስሙን መዝግበው ሸኙት። ይህን ሲነግረኝ የተናደደ አይመስልም ነበር፤ እየሳቀ «ወንድሜ፣ በሰው አገር ደጅ ጥና ተባልኩ» አለኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ መኪና በቅጡ መንዳት እንኳ አልችልም። ይሁን እንጂ ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ቀልድ መስሎት የተናገረው ነገር ትክክለኛ የታሪክ ትንታኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ለወጣቶቹ ቃሉን ልግለጽ። ሹመት፣ ጉልት ወይም ፍርድ የፈለገ ሰው በጌታው ደጃፍ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ መታየት ነበረበት። ይህ ነው ደጅ ጥናት። እጅ መንሻ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እጅ መንሻው ዋጋ አይደለም። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ሰጪው በዚያው ዕለት የፈለገውን ይዞ ይሄድ ነበር። እጅ መንሻ የሚገዛው መታወስን ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት በሹመት ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በመጓጓዣም ላይ ይሠራ ነበር። በእኛ አገር፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ደጋ፣ የክብር መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። በቅሎ ከአህያና ከባዝራ ትወለዳለች፤ እርሷ ግን አትወልድም። ስለዚህ ከእያንዳንዷ በቅሎ ጀርባ አንዲት ባዝራ ፈረስ ሳትወልድ የቀረችበት ዘመን አለ። ቁጥሯ በተፈጥሮ የተወሰነ ነው ማለት ነው። ከበቅሎም ሁሉ ብርቋ ሰጋሯ ናት፤ በላይዋ የተቀመጠ ሰው በእጁ የያዘው ጠጅ አይፈስበትም ይባልላት ነበር። በልጅነቴ እንዳየሁት ገበያ የምትወጣው ተራዋ በቅሎ ናት። ሰጋሯ ገና ውርንጭላ ሳለች ለማን እንደምትሄድ ይታወቃል፤ ለገዢው፣ ለደብሩ አለቃ፣ ለባለጸጋው አማች። ብር ይዞ የመጣ እንግዳ ሰው ባለቤቷን ቢጠይቅ «የምትሸጥ አይደለችም» ይባላል። እርግጥ ትሸጥ ነበር፤ ለእርሱ ግን አልነበረም።

አሁን ይህን ይዘን የአክስቴ ልጅ የሄደበትን መሸጫ እንመልከት። ፋብሪካዎቹ ብዙ መሥራት እየቻሉ ጥቂት ይሠራሉ። ፌራሪ ኤፍ 50 የተባለውን 349 ብቻ ሠርቷል። ኤንዞ የተባለውን 399 ሠርቶ ሸጠ፤ አራት መቶኛው ለሮማው ጳጳስ ለዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተሰጥቶ ለበጎ አድራጎት በጨረታ ተሸጠ። ሌክሰስም ኤል ኤፍ ኤ የተባለውን በ500 ወስኗል። ተፈጥሮ በበቅሎ ላይ የጣለችውን ገደብ እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው በራሳቸው ላይ ይጥላሉ።

ከዚያ በኋላ ክፍፍሉ ይመጣል። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ ገዢው አይሄድም፤ ለወኪል ሻጮች በድርሻ ይታደላል። ድርሻውን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ሻጩ ባለፉት ዓመታት ተራ ተራውን መኪና ስንት እንደሸጠ ነው። ስለዚህ ሻጩ ራሱ ደጅ ጠኚ ነው፤ በፋብሪካው ደጅ ቆሞ ይታያል። ሁለት ወይም ሦስት መኪና ሲደርሰው ደግሞ እርሱ በተራው ጌታ ይሆናል። በአሜሪካ አምራቹ ለወኪሉ የመሸጫ ዋጋ ይጠቁማል እንጂ እንደልቡ አያዝዝበትም፤ በዚህ ምክንያት ሻጩ «የገበያ ማስተካከያ» የሚል ወረቀት ለጥፎ በዋጋው ላይ የፈለገውን ያህል ሊጨምር ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረታችንን የሚያውቁ ይመስላል። ብልኁ ሻጭ ግን ይህን አያደርግም። መኪናውን በታወቀው ዋጋ ለቆየ ደንበኛው ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ያ ደንበኛ ተራውን ለማግኘት ሲል ብዙም የማይፈልጋቸውን ሁለት ሦስት መኪኖች ገዝቷል፣ አሮጌውን ለእርሱው መልሶ ሸጧል፣ ጥገናውንም እዚያው አስደርጓል። እነዚያ ሁሉ እጅ መንሻ ናቸው። ሻጩ በብርቁ መኪና ላይ የተወውን ትርፍ በእነርሱ ላይ አግኝቶታል።

ፎርድ ጂቲ የተባለውን መኪና በሸጠ ጊዜ ይህ ሥርዓት ያለ መጋረጃ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው የገዢዎችን ማመልከቻ ለአንድ ወር ተቀበለ፤ ለ500 መኪና 6,506 ሰዎች አመለከቱ። አመልካቾቹ ቀድሞ ምን መኪና እንደነበራቸውና በሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደሚታወቁ ጭምር ተጠየቁ። የተመረጡትም መኪናውን ለ24 ወራት ላለመሸጥ ፈረሙ። ጆን ሲና የተባለው ታዋቂ ታጋይና ተዋናይ የደረሰውን መኪና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመሸጡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰሰው፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት አለቀ። በሹመት ቋንቋ ብንናገር፣ ሽልማት የተቀበለ ሰው ሽልማቱን ገበያ አወጣው። በቤተ መንግሥት የተሸለመን በቅሎ ከነዕቃዋ ለነጋዴ የሸጠ ባላባት በጌታው ፊት ምን ፊት ይኖረው እንደነበር አስቡት።

ከዚህ ወደ ራሳችን የመኪና ታሪክ ልመለስ፤ ነገሩ እኛ ዘንድ ከመነሻው በደጅ ላይ ነውና። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አንድ እንግሊዛዊ፣ ተከትሎም አንድ ጀርመናዊ፣ ባቡር በሌለበት አገር እየነዱ መጡ። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ሰዎች መኪናቸውን ያቀረቡት በዐፄ ምኒልክ ደጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላ ገዢ ከየት ይመጣል? መኪና በኢትዮጵያ ሕይወቱን የጀመረው የገበያ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን የቤተ መንግሥት ዕቃ ሆኖ ነው።

ወደ ጎጃም ስንሻገር የምናገኛቸው ራስ ኃይሉን ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የጎበኙ፣ ንግድ የሚወዱ፣ ለዘመናዊ ዕቃ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ሰው ነበሩ። የ1923ቱን የንግሥ በዓል ለመዘገብ የመጣው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ፣ በአዲስ አበባ ዳር የሌሊት መዝናኛ ቤት እንደነበራቸው ጽፏል። ሆኖም በእርሳቸው ግዛትና በዋና ከተማዋ መካከል የዓባይ በረሃ አለ። ያን ጊዜ በደጀን በኩል መኪና የሚያሻግር ድልድይ አልነበረም። ከሞጣ በላይ ያለው አሮጌው ሰባራ ድልድይ ለእግረኛና ለከብት ነው የተሠራው። ስለዚህ መኪናን ከዓባይ ማዶ ማድረስ ማለት መኪናን በሰው ጉልበትና ትከሻ ማድረስ ማለት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የምፈልገው ነገር አለ። ስለ ብርቅ መኪና ስንናገር ማን እንዳገኘው እንጠይቃለን፤ ማን እንደከፈለው ግን እምብዛም አንጠይቅም። የራስ ኃይሉ ግብር ከባድነት በጎጃም ገበሬ ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። የደጅ ጥናት መሰላል ወደ ላይ ራስ፣ ንጉሠ ነገሥት እያለ ይወጣል፤ ወደ ታች ደግሞ በጭቃ ሹሙ በኩል አድርጎ እህሉን አውድማ ላይ ወዳስቀመጠው ሰው ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው ሰው በማንም ደጅ አልቆመም፤ የሚጠብቀውም ነገር የለም። ራስ ኃይሉ ራሳቸው በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ከሥልጣን ወረዱ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ግብሩ ግን ከሰውዬው ጋር አልሄደም። በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው ዐመፅ፣ በአውሮፕላን እስከ መደብደብ የደረሰው ያ ዐመፅ፣ ከዚሁ ረጅም ትዝታ ተለይቶ አይታይም። አክስቴ እስከ ዛሬ «የአውሮፕላኑ ዘመን» ነው የሚሉት።

በነገራችን ላይ የደጁ ሁሉ ባለቤት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በፎልክስዋገን ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት መኪኖች በአንዷ።

ዛሬስ? በአገራችን የፌራሪ ወኪል የለም፤ ደጅ ግን አለ። ለረጅም ጊዜ ደጁ ጉምሩክ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 ዘመን ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ የቤት መኪና 35 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ፣ 100 በመቶ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ እየተደራረበበት ይገባ ነበር። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ፣ ወደብ ላይ 100 ብር ያወጣ መኪና ከጉምሩክ ሲወጣ 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ «ከቀረጥ ነፃ» የሚል ወረቀት ያለው ሰው ከማንኛውም ባለጸጋ ይበልጥ ሀብታም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ጣለ። ሁለተኛው ደጅ ባንክ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ድረስ አስመጪው ብሩን ይዞ ለውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የምናየው ፎልክስዋገን አይዲ 6፣ ፋብሪካው በቻይና ለቻይና ገበያ ብቻ የሚሠራው መኪና ነው። የዋናውን ወኪል ደጅ ሳይጠና በግል አስመጪዎች እጅ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህን መልካም ነው ልል እችል ነበር፤ ግን ዋናው ደጅ ባልጠራው መኪና ላይ መለዋወጫ ሲጠፋ በማን ደጅ እንደሚቆም የሚያውቁት ባለመኪናዎቹ ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ መሸጫ ሁለት ተራ መኪኖች ገዛ። በሦስተኛው ዓመት ተደወለለት፤ ላለመሸጥ የሚያስገድደውንም ውል ፈርሞ ተረከበ። ባለፈው ክረምት አክስቴ ታመው፣ ለሕክምናቸው ገንዘብ ሲፈለግ፣ ያ መኪና እንዳይሸጥ በውል የታሰረ መሆኑን በስልክ ሲያስረዳቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና «ይኸ ልጅ ጉልት ነው እንዴ የተሰጠው?» አሉኝ።

ገንዘቡ በሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ እሳቸውም ደኅና ናቸው።