ውስጠ ተከል፦ በጆሮና በዐይን ውስጥ ለሚቀመጥ መሣሪያ የሚሆን ስም

ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ «ኢምፕላንት» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በላይ ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ገጠር ያለች እናት ቃሉን ስትሰማ እጇን ወደ ክንዷ ትሰዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አገባቡን መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ፣ ኢምፕላኖን የተባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ በየቀበሌው ታውቋል። 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል ለስላሳ ዘንግ ነው፤ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር ገብቶ ሦስት ዓመት ይቆያል። ሴቶቹ በፈረንጅኛው ስም አይጨነቁም። «አስቀበርሁ» ይላሉ፤ ሰሚውም ይገባዋል።

በሕክምናው ዓለም ግን ኢምፕላንት ከዚህ በጣም የሰፋ ነው። መስማት ለተሳነው ልጅ ድምፅ የሚያደርስ ኮክሊያር ኢምፕላንት አለ። ብርሃን ለጠፋበት ዐይን የሚሠራ ሬቲናል ኢምፕላንትም አለ። አንድ ሰው «ሕፃኑ በኢምፕላንት መስማት ጀመረ» የሚል ዜና ሰምቶ ስለ ክንድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገሩ በአገራችን ጨርሶ ከመስፋፋቱ በፊት የአማርኛ ስም ቢያገኝ ይሻላል።

መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ንቅለ ተከላ» ነው። ይህ ቃል ግን ሥራ አለው። ነቅሎ መትከል ማለት ስለሆነ ከአንድ ሰው ተነቅሎ ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር መኖር አለበት። ኩላሊት እንደዚያ ነው። የዐይን ብሌንም እንደዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ ለጋሾች በሕይወት ሳሉ ቃል የገቡትን ብሌን ካለፉ በኋላ ተቀብሎ ለሚጠባበቁ ሕሙማን ያደርሳል። የጆሮው መሣሪያ ከማንም አልተነቀለም፤ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ንቅለ ተከላ ሲባል የሰማ አባት «ልጄ የማንን ጆሮ ይዞ ሊኖር ነው?» ብሎ ቢደነግጥ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የቃሉ ነው።

ሁለተኛው እጩ ከሴቶቹ አንደበት የሚገኘው «ቅብር» ነው። አጭርና ግልጽ ነው። ነገር ግን መቃብር አጠገቡ ቆሟል። ክንድ ላይ ሲሆን ልማድ አለዝቦታል፤ ለአንዲት እናት «በልጅሽ ራስ ውስጥ የምንቀብረው ነገር አለ» ማለት ግን ይከብዳል።

ስለዚህ «ውስጠ ተከል» የሚለው ይሻላል። መትከል በአማርኛ የችግኝ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ምሰሶ ይተከላል፣ ታቦት ይተከላል። የሚተከል ነገር ጸንቶ ሊቆም፣ ሊያገለግል የታሰበ ነው። «ውስጠ» ደግሞ በዚህ አካባቢ ለቅኔ ቤት ልጅ አዲስ አይደለም፤ ውስጠ ወይራ የሚባለው ቅኔ ምስጢሩን በውስጡ ይዞ ላይ ላዩን ሌላ ይመስላል። ውስጠ ተከልም ላዩን ሲያዩት ከጆሮ ጀርባ የተሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋናው ሥራ ከቆዳው ሥር ነው። የጆሮ ውስጠ ተከል፣ የሬቲና ውስጠ ተከል እያሉ መዘርዘርም ይቻላል።

ሥራው ምንድን ነው? ከጆሮው እንጀምር። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። እዚያ ያለው ክፍል ኮክሊያ ይባላል፤ ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀንድ አውጣ ማለት ነው። በእርግጥም ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፤ ቢዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በውስጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰድረዋል። ቀጭን ድምፅ በመግቢያው፣ ወፍራም ድምፅ በጫፉ ያሉትን ሕዋሳት ያነቃንቃል፤ እነሱም እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው ለነርቭ ይሰጣሉ። ማጅራት ገትር ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት እነዚህን ሕዋሳት ሲገድላቸው በሰው ልጅ ዳግም አይበቅሉም። ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ በሕይወት ይቆያል። መንገዱ አለ፤ መልእክተኛው ነው የሞተው።

ውስጠ ተከሉ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፁን ይቀበልና በፍጥነት በቀጭንና በወፍራም ይለየዋል። ከዚያ ከራስ ቆዳ ላይ በማግኔት የተጣበቀች ክብ ነገር፣ ሽቦ ቆዳውን ሳይበሳ፣ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ከቆዳው ሥር ያለው ተቀባይ ምልክቱን እንደ ሥሪቱ ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ በተደረደረበት ክር በኩል በቀጥታ ለነርቩ ያደርሳል። ድምፅ ማጉያው የማዳመጫ መሣሪያ ከዚህ ይለያል፤ እሱ የሚጮኸው አሁንም ለእነዚያው ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱ ከሌሉ ጩኸቱ ሰሚ የለውም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ባትሪን በሠራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ፣ ጫፎቹን ሁለት ጆሮው ውስጥ ከቶ አንዳች ወፍራም ነገር ሲንተከተክ የመሰለ ድምፅ መስማቱን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ላይ ተመራማሪዎቹ ዡርኖና ኤይሪየስ የመስማት ነርቭን በተተከለ መሣሪያ አነቃቁ። ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሃውስ፣ ቪየና ላይ ኢንገቦርግና ኤርዊን ሆኽማየር ገፉበት።

ከሁሉ የሚደንቀው የአውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ ነገር ነው። አባቱ መስማት የሚያስቸግራቸው ፋርማሲስት ነበሩ፤ ደንበኛ ስለ ሕመሙ ጮክ ብሎ እንዲያስረዳቸው ሲጠይቁ ልጅየው እያየ አደገ። አድጎ የጆሮ ሐኪም ሲሆን የገጠመው እንቅፋት ደግሞ ቀላል መሳይ ነበር፤ ክሩ ጠመዝማዛው ውስጥ ርቆ አልገባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ አንድ ጠመዝማዛ የባሕር ቅርፊት አነሣና የሣር ቅጠል ሰደደበት። ጫፉ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንከር ያለው ሣር ዙሩን ተከትሎ ገባ። ክሩም እንደዚያ ተሠራ። በዓመቱ ነሐሴ 1978 (እ.ኤ.አ.) ሜልበርን ላይ ሮድ ሳንደርስ የተባለ፣ በአደጋ የመስማት ችሎታውን ያጣ ሰው ባለ ብዙ ኤሌክትሮዱ መሣሪያ ተተከለለት። እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በመላው ዓለም 736,900 ያህል የጆሮ ውስጠ ተከሎች ተተክለዋል።

የሚሰማው ድምፅ ግን ጤነኛ ጆሮ የሚሰማው ዓይነት አይደለም። ሺዎች ሕዋሳት የሚሠሩትን ሥራ ቢበዛ ሃያ ሁለት ኤሌክትሮዶች ተካፍለዋል። ለጋይንት ሰው ይህን ለማስረዳት ቤተልሔም ትበቃለች፤ የድጓ ምስክር የሆነችው ጉባኤ ቤት። በዜማው መጽሐፍ፣ በድጓው ላይ፣ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ተጽፈዋል። ስምንት ምልክት ያን ሁሉ ዜማ ብቻውን አይሸከምም፤ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት የተቀመጠ ተማሪ ግን ከጥቂቷ ጭረት ሙሉውን ያወጣል። ውስጠ ተከል የተደረገለት ሰው አእምሮም የሚያደርገው ይህንን ነው። የሚደርሰው ጥቂት ምልክት ነው፤ ንግግር የሚሆነው በወራት ልምምድ ነው። ለዚህ ነው ያለ መስማት ለተወለደ ሕፃን በጊዜ መተከል ያለበት፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል። መሣሪያው ምትን ደኅና አድርጎ ያደርሳል፤ ዜማን ግን ያስቸግረዋል። የከበሮው ምት ከዝማሬው ቀድሞ ይገባል ማለት ነው።

ንፋስ መውጫ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ስሟ ይናገራል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የንፋስ ከተማ ናት። ንፋስ ደግሞ ለዚህ መሣሪያ ጠላት ነው፤ በማይክሮፎኑ አፍ ላይ ሲያልፍ ንግግሩን የሚሸፍን ኳኳታ ይፈጥራል። አዳዲሶቹ ሥሪቶች ንፋስን ለይተው የሚቀንሱበት ዘዴ አላቸው። ባትሪው መሞላት ወይም መለወጥ ይፈልጋል፤ መሣሪያው በባለሙያ በየጊዜው መቃኘት አለበት። በሀብታም አገሮች ዕቃው ብቻ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ይህን ሳይናገሩ ተስፋውን ብቻ መንገር ለቤተሰቡ ደግነት አይሆንም። የምልክት ቋንቋም ወደ ጎን የሚተው አይደለም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ የጣት ፊደሉም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል።

ዐይን ከጆሮ ይከብዳል። የመስማት ነርቭ 30,000 ያህል ክሮች ሲኖሩት የእይታ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ አለው። አርገስ ሁለት የተባለው የሬቲና ውስጠ ተከል እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሲፈቀድ 60 ኤሌክትሮድ ነበረው። የበር ቅርጽ፣ የመንገድ ጠርዝ፣ የሰው ጥላ ያሳይ ነበር። ከዚያ አምራቹ ድርጅት ሥራውን አቆመ፤ 350 ያህል ሰዎች ዐይናቸው ውስጥ ጠጋኝ የሌለው ዕቃ ይዘው ቀሩ። የተተከለ ነገር ተንከባካቢ እንደሚሻ ከዚህ የከፋ ማስረጃ ያለ አይመስልም። በቅርቡ፣ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.)፣ ፕሪማ ስለተባለው መሣሪያ የወጣው ውጤት ግን ያበረታታል። ሁለት ሚሊ ሜትር በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነች፣ 378 ነጥብ ያላት ቺፕ ናት፤ ከልዩ መነጽር ጋር ትሠራለች። በእርጅና ምክንያት የሬቲናቸው መኻል ከተጎዳባቸው ሰዎች ዓመት ሙሉ ከተከታተሉት 32ቱ 26ቱ ፊደል የመለየት አቅማቸው ጎልቶ ተሻሽሏል።

ይህ ሁሉ የሚረዳው ሬቲናው ለተጎዳ ሰው ነው። በ2005 እና 2006 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዐይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ ምክንያት፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ በትራኮማ ብሌኑ ጠባሳ ይዞ ነው። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። የተቀለበሰ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል የኖረች የስማዳ እናት ቺፕ አያስፈልጋትም፤ የዐይኗ ቆብ በጊዜ በቀዶ ሕክምና ይስተካከልላት። ብሌኑ ከጠፋ ንቅለ ተከላ ነው። ሦስቱን ነገር በአንድ ቃል ከጠራናቸው አንዱን ሲጠብቁ ሌላው ያመልጣል።

የዐይን ሞራው ደግሞ የሚገርም ምላሽ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች የጥይት ስብርባሪ ሲመታቸው የአውሮፕላናቸው መስታወት ፕላስቲክ ዐይናቸው ውስጥ ይቀር ነበር፤ ዐይን ግን አልተቆጣበትም። የዐይን ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ይህን አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሞራው ቦታ ተከለ። ባትሪ የለውም፣ አይቃኝም፣ ሲገባ የሚፈጀው ጊዜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። እናም ሞራዋ የተነሣላት፣ በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ የልጅ ልጇን ፊት እየዳሰሰች የምታይ የጋይንት አሮጊት ራሷ ውስጠ ተከል ተደርጎላታል፤ ስሙን አልሰማችም እንጂ ለዓመታት ይዛው ትኖራለች።