ውሃና መድፍ

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ የሴባስቶፖልን አምሳያ ያያል። ዋናው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። በክረምት ዝናቡ በአምሳያው ላይ ወርዶ በጎዳናው ቁልቁል ሲፈስስ፥ ጥንታዊው የቻይና ፈላስፋ ላኦ ዙ ትዝ ይለኛል፤ ለርሱ የኀይል ምሳሌ ብረት ሳይሆን ውሃ ነበረና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት ገደማ የጻፈው ሲማ ቺየን፥ ላኦ ዙ የዡ ነገሥታት መዛግብት ጠባቂ እንደ ነበረ፥ የመንግሥቱን መዳከም አይቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድም የኬላው ሹም ቢለምነው አምስት ሺህ ያህል ቃል ጽፎ እንደ ሰጠው ይተርካል። ታሪክ ጸሐፊው ስለ ሰውዬው ማንነት በርግጥ ለመናገር አለመድፈሩ ያስመሰግነዋል። በ1986 ዓ.ም. ጉዎዲየን በሚባል ስፍራ ከመቃብር የወጣው የቀርከሃ ጽሑፍ፥ የመጽሐፉ ቃል ከልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ይነበብ እንደ ነበረ አስረድቷል።

ያ ዘመን መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ነበር፤ አንባቢ የራሳችንን ዘመነ መሳፍንት ቢያስታውስ አይሳሳትም። የላኦ ዙ ምክር የተሰጠው ለገዢ ነው፤ ገዢ ትእዛዝና ግብር ባበዛ መጠን ሕዝቡ ከእጁ ይወጣል፥ እንደ ውሃ ዝቅ ቢል ግን ሁሉ ወደ እርሱ ይጎርፋል የሚል ነው። ቻይናውያን «ዉ ዌይ» የሚሉት ይህን ነው፤ ስንፍና ማለት ሳይሆን የነገሩን ተፈጥሮ ሳይጋፉ መሥራት ማለት ነው።

የቺን ንጉሥ ከልደት በፊት በ221 አገሩን ሁሉ በጦርና በጽኑ ሕግ አንድ አደረገ፤ መንግሥቱ ግን 15 ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በተነሣው በሃን ቤተ መንግሥት የላኦ ዙ ትምህርት የተከበረ ነበርና ንጉሥ ዌን በ167 የእርሻ ግብርን እስከ ማስቀረት ደረሰ።

ዐፄ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነግሠው የተከፋፈለውን አገር በክንዳቸው ሰበሰቡ። ለወታደር ደመወዝ ቆርጠው ገበሬውን ከዘረፋ ሊያድኑ ዐስበው ነበር፤ ዓመፅ ሲበዛባቸው ግን ጎንደርን እስከ ማቃጠል ደረሱ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ተራራ እያስቆፈሩ ተጓዙ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። ነገር ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። ላኦ ዙ ኬላውን አልፎ ሄደ፤ ንጉሥ ግን የሚያልፈው ኬላ የለውም።

ከርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክን የሸዋ ንጉሥ ብለው አጸኑ፤ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው በጎጃም አነገሡ። አንዱ ንጉሥ ሌላውን ሳያጠፋ በበላይነት መኖር እንዲቻል ያደረጉት ይህን በመሰለ ዝቅታ ነው። በሃይማኖት ነገር ግን፥ በዚያው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንደታየው፥ እንዲህ አልለዘቡም።