የጎርጎራ ንዳድና የደም ኆኅት

ከጎንደር ተነሥቶ የደንብያን ጥቁር መሬት እያቋረጠ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ፥ ጣና በመጨረሻ ከፊቱ ሲገለጥለት፥ በአንድ ወገን ደብረ ሲና ማርያም በዛፎቿ ተከልላ፥ በሌላው ወገን የታንኳውና የጀልባው መቆሚያ ተዘርግቶ ሲያይ፥ ይህን ያህል ልምላሜ የተሰጠው ዳርቻ ስለ ምን የነገሥታት መናገሻ ሆኖ እንዳልጸና ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዘመነ መንግሥታቸው መጀመሪያ ሰፈራቸውን በዚህ አካባቢ አድርገው፥ የድንጋይ ቤት አሠርተው ተቀምጠው ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ደንቀዝ ወጡ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው ከሐይቁ ፈቀቅ፥ ከሜዳው ከፍ አሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ ሁሉ የሃይማኖቱን ክርክር፥ የነጋዴውን መንገድና የጦሩን ስልት ምክንያት አድርገው ይሰጣሉ፥ የሚሉትም አይስተባበልም። ሆኖም የጣና ውኃ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ያህል ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ መሆኗን፥ ደገኛም ወደ ቆላ ወርዶ ማደርን ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው ዛሬ ወባ ስለምንለው ስለ ንዳድ መሆኑን ላሰበ ሰው፥ በእነዚያ 300 ሜትሮች ውስጥ በዜና መዋዕል ያልተጻፈ አንድ ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለዋል፤ ለእኔም እንዲሁ ይመስለኛል።

ትኩሳት በጎርጎራ ከገደላቸው ሰዎች ስሙ በዓለም የታወቀው እስፓኛዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1564 ተወልዶ፥ በመንገድ ላይ በቱርኮች እጅ ወድቆ ለዓመታት ታስሮ፥ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ይህ ሰው፥ በሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ጋር ወደ ግሽ ዓባይ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ ለንጉሡ ያንን የድንጋይ ቤት ሲያሠራም አናጢውም ግንበኛውም መምህሩም እርሱ ነበር ይባላል። ከንጉሡ ጋር የነበረው ወዳጅነት በአገራችን ላይ ያመጣውን የደም መፋሰስ እዚህ ላይ አላነሣም፥ እርሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና። ለያዝነው ነገር የሚጠቅመን ይህ ብቻ ነው፤ ፓኤዝ በግንቦት 1622 በጎርጎራ በትኩሳት ታሞ ሞተ፥ እዚያውም ተቀበረ፤ እርሱ ከሞተ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ የገዛ ማኅበሩ ወንድሞች የሆኑት ኢየሱሳውያን ከፔሩ ተራሮች የአንድ ዛፍ ቅርፊት ወደ ሮማ አምጥተው፥ ተወቅጦ በወይን ሲጠጣ ንዳድን የሚያበርድ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ አውሮጳ «የኢየሱሳውያን ዱቄት» ብላ ጠራችው። ከዚያው ቅርፊት በ1820 በፓሪስ ሁለት የመድኃኒት ቀማሚዎች፥ ፔልቲየና ካቫንቱ፥ ኪኒንን ነጥረው አወጡ። ዛሬ ለራስ ምታትም ሆነ ለሆድ ቁርጠት የሚዋጠውን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» ስንል፥ የንዳድ መድኃኒት በቋንቋችን ውስጥ የመድኃኒቶች ሁሉ ስም ሆኖ መቅረቱን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ደንብያ የእህል አገር ነው፤ መገጭና ሌሎች ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን እያጥለቀለቁ ደለላቸውን ያወርዱለታል፥ ጤፉንና ሽንብራውንም ያሳምሩለታል። ነገር ግን መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ በየጉድጓዱና በየከብቱ ኮቴ ዱካ የሚቀረው ኩሬ የቢምቢ መፈልፈያ ይሆናልና፥ አዝመራው በሚደርስበት በዚያው ወራት ንዳዱም አብሮ ይደርሳል። በ1953 የሆነው ግን ከልማዱ የወጣ ነበር፤ በደንብያ ሜዳ ላይ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ ወረርሽኝ አለቀ። በተከታዩ ዓመት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተና የጤና መኮንኖችን፥ የገጠር ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የመንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎችም በደንብያ በየጎጆው ግድግዳ ላይ ዲዲቲ እየረጩ ሙከራቸውን አደረጉ። ይህ ሁሉ ገና በሙከራ ላይ ሳለ በ1958 ሌላ ወረርሽኝ መላውን የመካከለኛ ከፍታ አገር መታውና፥ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመትም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

እስከዚህ የነገርኩት የውጭውን ጦርነት ነው፤ በቢምቢና በሰው መካከል፥ በግድግዳና በመርጫ መካከል የተደረገውን። ሌላው ጦርነት የሚደረገው ግን ዓይን በማያየው ስፍራ፥ በአንዲት የቀይ ደም ሕዋስ ደጃፍ ላይ ነው፤ የእርሱም ታሪክ የራሱ አበው አሉት። የካምብሪጁ ላንግሊ በ1878 በምራቅ ዕጢ ላይ ሁለት መርዞችን ሲያፎካክር፥ አንደኛው አትሮፒን ነበር፤ ይኸውም ደብተራዎቻችን ዕፀ ፋርስ በሚሉት ተክል ውስጥ የሚገኘው ነው። መድኃኒት በሰውነት ላይ በጥቅሉ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሳይሆን፥ በሕዋሱ ላይ የሚቀበለው አንድ የተወሰነ ነገር ስላለ እንደሚሠራ ቀስ በቀስ ተረዳ፥ በ1905ም ለዚህ ነገር «ተቀባይ» የሚል ስም አወጣለት። ጀርመናዊው ኤርሊኽ ደግሞ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ በቀለም በኩል ደረሰ፤ አንዳንዱ ቀለም አንዱን ሕዋስ ሲያቀልም ሌላውን ማለፉን ስላየ፥ በ1891 የወባን ጥገኛ የሚያቀልመውን ሰማያዊ ቀለም ለንዳድ በሽተኞች ሰጥቶ ሞከረ። የዘመናችን የመድኃኒት ፍለጋ በአብዛኛው የቆመበት የ«ተቀባይ» ትምህርት፥ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቹ አንዱን የተራመደው እንግዲህ በዚሁ በእኛ ንዳድ ላይ ነው።

ተቀባዩን ለአማርኛ አንባቢ በምን ልመስለው? በቤተ ክርስቲያን ዐፃዌ ኆኅት የሚባል መዓርግ አለ፤ ሥራው ደጁን መክፈትና መዝጋት ነው፥ የሚገባውን ያስገባል፥ የማይገባውን ይመልሳል። ሕዋስም ዙሪያዋን በስስ የቅባት ሽፋን ታጥራ ስትኖር፥ በአጥሯ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች እንደ ዐፃዌ ኆኅት የውጭውን መልእክተኛ ይቀበላሉ። ከእነዚህ አንዱ ታላቅ ወገን አጥሩን ሰባት ጊዜ እየበሳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመላለስ ነው፤ መልእክተኛው በውጭ ሲይዘው ቅርጹ ይለወጣል፥ የቅርጹም ለውጥ በውስጥ የሚጠብቀውን ጂ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፥ እርሱም ለሌላው፥ ሌላውም ለሌላው እያቀበለ ቃሉ እስከ ሕዋሱ እልፍኝ ይደርሳል። የሚገርመው ግን መልእክተኛው ራሱ ከደጅ አለማለፉ ነው፤ ቃሉ ይገባል፥ እርሱ በውጭ ይቀራል።

በ1950 በእንግሊዝ አገር ደም የማይረጋለት፥ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው አንድ በሽተኛ ነበርና፥ በደሙ ውስጥ በተገኘ ፀረ አካል አማካይነት እስከዚያ ያልታወቀ የደም ወገን ታወቀ፤ በእርሱም ስም «ደፊ» ተባለ። ከምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በቀይ ደሙ ላይ ይህ ደፊ የለውም፤ በዚያው አገር ደግሞ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት እምብዛም አይታይም። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ሁለቱን ነገሮች አገናኝተው፥ በ1975 የዝንጀሮ ወባ ደፊ የሌለውን ሕዋስ መግባት እንደሚያቅተው፥ በ1976 ደግሞ ደፊ የሌላቸው ፈቃደኞች በቫይቫክስ ቢምቢ ቢነደፉም ደማቸው እንደማይያዝ አሳዩ። ደፊ ምንድን ነው ለሚለው መልሱ የመጣው ግን ዘግይቶ በ1993 ነው፤ ኬሞካይን የተባሉትን የብግነት መልእክተኞች የሚይዝ፥ አጥሩን ሰባት ጊዜ የሚበሳ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም በወገኖቹ መካከል ባሕርዩ ልዩ ነው፤ ከጂ ፕሮቲን ጋር የሚያያዝበት ቁልፍ ስፍራ ጎድሎበታልና መልእክተኛውን ይይዛል እንጂ ቃሉን ወደ ውስጥ አያደርስም። ደብዳቤ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ የሚያስቀር ዐፃዌ ኆኅት ነው ማለት ነው፤ ይህም ስንፍና ሳይሆን በደም ውስጥ የበዛውን መልእክተኛ መሰብሰቢያ መንገድ ነው። የወባው ጥገኛ ደግሞ ከሕዋሱ ውጭ በተንጠለጠለው በዚሁ ፕሮቲን ጫፍ ላይ በገዛ ፕሮቲኑ ተጣብቆ፥ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደ መቆንጠጫ ይይዘዋል፥ ከዚያም ይገባል። ደጅ ጠንቶ ሳይሆን የደጅ ጠባቂውን እጅ ይዞ የሚገባ ሌባ ነው።

ደፊ በሌላቸው ሰዎች ዘንድ የጎደለው ፕሮቲኑ ራሱ እንዳልሆነ በ1995 ታወቀ፤ ከዘሩ ጽሑፍ መጀመሪያ 33 ፊደል ቀድማ ያለች አንዲት ፊደል ተለውጣ፥ ደፊ በቀይ ደም ብቻ እንዳይሠራ አድርጋዋለች፥ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን አሁንም በሥራው ላይ አለ። አንድ ፊደል ሲጎድል ወይም ሲለወጥ ትርጉሙ ሁሉ እንደሚዞር ቅኔ የተማረ ሰው አይጠፋውም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት የተለየች አገር የሆነችው ሁለቱ ወገኖች፥ ደፊ ያለውና የሌለው፥ በአንድ መንደር አብረው ስለሚኖሩባት ነው፤ ቫይቫክስም ከሌላው የወባ ዓይነት ከፋልሲፓረም ጋር በአገራችን በሰፊው ይገኛል። ደፊ የሌለው ሰው በቫይቫክስ አይያዝም የሚለው ሕግ ለሠላሳ ዓመታት ያህል እንደ ቀኖና ሲጠበቅ ኖሮ፥ ከ2010 ወዲህ በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም ደፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ሲገኝ ተናጋ። የበሩ ጠባቂ ከሥፍራው ቢነሣም ሌባው ጥቂት ጊዜ ሌላ መግቢያ ያገኛል ማለት ነው። ቫይቫክስ ገና ከመቅኔ የወጡትን ለጋ ሕዋሶች የሚመርጥበትን ምክንያት በ2018 የተገኘ ሥራ ገልጦታል፤ ብረት ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን የትራንስፈሪን ተቀባይም ጥገኛው እንደ እጀታ ይይዘዋል፥ ያ ተቀባይ ደግሞ በለጋው ላይ ሞልቶ በሸመገለው ላይ ይጠፋል። ይህን በር ግን ማንም ሐኪም ሊዘጋው አይደፍርም፥ ያለ ብረት ደም የለምና።

በር መዝጋት በመርሕ ደረጃ የሚቻል መሆኑን የደፊ ዘመድ የሆነው ሲ ሲ አር 5 የተባለ ተቀባይ አስመስክሯል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው በአብዛኛው ይህን ይዞ ነው፤ ማራቪሮክ የተባለው በ2007 የተፈቀደው መድኃኒት በተቀባዩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ስለሚያዛባው፥ ቫይረሱ የሚይዘው ያጣል። በደፊ ላይ ግን መድኃኒት ፈላጊዎቹ እስካሁን በአብዛኛው የያዙት ሌላውን መንገድ ነው፤ በሩን ከመዝጋት ይልቅ የሌባውን እጅ ማሰር፥ ማለትም ጥገኛው የሚጣበቅበትን ፕሮቲን በክትባት ማስጠቃት። በእኔ አስተያየት ይህ የተሻለ ነው፤ በሌባ ምክንያት የቤትን ጠባቂ መግደል ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበዛ ይችላልና።

ይህ ሁሉ እስኪደርስ በደንብያ የመስከረም ኩሬ አሁንም ቢምቢ ይፈለፍልበታል፤ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅም ጣቱ ተወግቶ አንዲት የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ይተዋል። መርማሪው በማጉያው ውስጥ የተነፋ፥ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ለጋ ሕዋስ ካየ «ቫይቫክስ» ብሎ ይጽፍለታል፤ ለ3 ቀን ክሎሮኪን፥ በጉበት ተደብቆ ለሚተኛውም ዘር ለ14 ቀን ፕሪማኪን ይሰጠዋል፤ እርሱም ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ፥ በደሙ ላይ ደፊ ይኑር አይኑር ሳይጠየቅ፥ ወደ ታንኳው ይመለሳል።